የ9ኛ ክፍል የጤና ትምህርትና የአያት ወረንጦ፦ ምክር ፈልጌ ነበር

የካ አባዶ መምህርት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ስለሚል ይቅርታ፤ አጭር መጻፍ አልችልበትም፣ ተማሪዎቼም ያውቁኛል።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የካ አባዶ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ። ዘንድሮ የጤና ክበብ ተጠሪም አድርገውኛል። ስብሰባው ላይ ማንም እጁን ሳያወጣ ቀርቶ፣ አርፍጄ የገባሁት እኔ ነበርኩ። በዚሁ ሰበብ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለ9ኛ ክፍሎች ስለ ጤና ከውልደት እስከ እርጅና አስተምራለሁ። አምስት ክፍል ነው፤ አንዱ ውስጥ 62 ልጅ።

መጀመሪያ እንደተለመደው ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ጨቅላ፣ ሕፃን፣ ልጅ፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳ፣ አዛውንት። በየሥሩ በሽታ። ሕፃኑ ሥር ተቅማጥና ኩፍኝ፣ ጎረምሳው ሥር ሱስ፣ አዛውንቱ ሥር ደም ግፊትና ስኳር። ገለበጡ። ፈተንኳቸው፤ ደህና ሠሩ። ከኋላ ወንበር አንዱ ግን «ቲቸር፣ እንግዲህ እኛ እስከ 40 ዓመታችን ሰላም ነና!» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጁ አልቀለደም። ሠንጠረዡ ያስተማረውን ነው የመለሰልኝ። እያንዳንዱን ዕድሜ ለብቻው ክፍል ውስጥ ቆልፌ፣ በሽታውንም አብሬ ቆልፌበት ነበር።

በማግስቱ ሌላ የቤት ሥራ ሰጠሁ። በቤታችሁ ካለ በዕድሜ ትልቅ ሰው ጋር ቁጭ በሉ፣ ደብተራችሁን አግድም አዙሩና ረጅም መስመር አስምሩ፣ ግራው ጫፍ ውልደት፣ ቀኙ ጫፍ ዛሬ። የታመመውን፣ የዳነውን፣ የበላውን፣ የሠራውን በቦታው አስቀምጡ። እኛ ሰፈር ለዚህ ይመቻል ብዬ ነው። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከጎጃም፣ ከጉራጌ፣ ከሰላሌ፣ ከወሎ ልጆቻቸው ዘንድ ሊጦሩ የመጡ አያቶች ሞልተውበታል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ደረጃው ስለሚከብዳቸው ከእሑድ እሑድ በቀር አይወርዱም። የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ደግሞ ያወራሉ።

የመጀመሪያው ችግር ዓመተ ምሕረት ሆነ። «መቼ ተወለድሽ?» ሲባሉ «እኔ እንጃ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ችካል ተከልን። ጣሊያን የወጣበት 1933፣ ንጉሡ የወረዱበት 1967፣ ድርቁ 1977፣ ደርግ የወደቀበት 1983። «የ77 ድርቅ ጊዜ እናትህን አርግዣት ነበር» ያለች አያት ዓመቷን ሳታውቅ ዓመቱን ነገረችን። (የታሪክ መምህሩ ክፍለ ጊዜዬን ወሰድሽብኝ ብሎ እስካሁን ይቀልድብኛል።)

ወረቀቶቹ መጡ። ብዙዎቹ «አያቴ ጤነኛ ነበረች፣ አሁን ጉልበቷን ያማታል» ብቻ ነው። አንዱ ግን አስቆመኝ። የልጁ አያት ከጎጃም ነው የመጡት። የጻፈውን እሱ እንደጻፈው ላስቀምጠው፦

«አያቴ አንገቷ ላይ በክር ወረንጦ አላት። ሽፋሽፍቷን ትነቅልበታለች፣ እኔም እነቅልላታለሁ። መቼ ጀመረሽ አልኳት። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ አለችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሽስ ዓይንሽን ያምሽ ነበር አልኳት። ማን ያልታመመ አለ፣ ዓይናሩ፣ ዝንቡ፣ ውኃው ሩቅ ነው አለችኝ።»

ከሥሩ ከአምስት ዓመት ተነስቶ እስከ ሰባ የሚሄድ ቀስት ስሏል። ቀስት አሳዩ አላልኩም፤ ከራሱ ነው ያመጣው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠንጠረዥ እየሠራሁ ልል የፈለግኩት ያችን ቀስት ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ሦስት ነገር ገጠመኝ። አንዲት ልጅ ባዶ ወረቀት አመጣች፤ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ብቻ ነው፣ ለካ ሌላ ሰው የላትም። ሁለተኛ፣ አንድ ወረቀት ላይ ማንበብ ያልነበረብኝን የቤተሰብ ነገር አነበብኩ፤ እዚህ አልጽፈውም። ሦስተኛ፣ አንዲት እናት ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ልጇ አያቷን «ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ስንቱ ሞተ?» ብላ ጠይቃቸው አሮጊቷ አራቱን በየስማቸው ጠርተው ሌሊቱን ሲያለቅሱ አደሩ። እናትየዋ አልተቆጣችኝም፣ ያ ደግሞ ባሰብኝ።

አራት ክፍል ይቀረኛል። ልቀጥል? ብቀጥልስ እንዴት? ያስተማራችሁ፣ ጤና ቤት የሠራችሁ፣ ወላጅም የሆናችሁ እስቲ በሉኝ።

ሲስተር ከደሴ

ልጄ፣ ጎሽ። የያዝሽውን አትልቀቂ፣ አጀማመርሽን ግን ቀይሪው። መጀመሪያ ከራሳቸው ክንድ ይጀምሩ፤ አያት ኋላ ትደርሳለች።

ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ክፍል ስትገቢ «እጅጌያችሁን ሰብስቡ» በያቸው። አብዛኞቹ ክንዳቸው ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ ያገኛሉ። ቢሲጂ ነው፣ በተወለዱ ሰሞን የተወጉት የቲቢ ክትባት። ከዚያ ቤታቸው ሄደው የአያታቸውን ክንድ ይዩ። ሰፋ፣ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ካገኙ የፈንጣጣ ክትባት ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ሳይደርሳት ታማ የዳነች ደግሞ ጠባሳው ፊቷ ላይ ነው። እኛ አገር የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ነሐሴ ላይ ነው፤ በሽታው ከዓለም ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ1972። ክትባቱም ቀረ። ለዚህ ነው እናታቸው ክንድ ላይ የማያገኙት። አየሽ፣ የማንም ገመና ሳይወጣ ሦስት ትውልድ ተነበበ።

ታናሽ ያለው የክትባት ካርዱን ይዞ ይምጣ። ስድስት፣ አሥርና አሥራ አራት ሳምንት፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር፣ ከዚያ አሥራ አምስት ወር። የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት እናቶች ይረሱታል፤ ልጁ እየሮጠ ነው፣ ማን ጤና ጣቢያ ያስበዋል። ልጆችሽ ቤታቸው ካርድ ገልጠው ያልተወጋ ቢያገኙ ከእኔ የተሻለ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

የሴቶቹን አትርሺ። የማህፀን በር ካንሰር መከላከያው በ2011 በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው የተጀመረው፤ ከክፍልሽ ብዙዎቹ ተወግተዋል። ለምን በ14? ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር የሚመጣ ስለሆነ ቀድሞ መድረስ አለበት። ቫይረሱ በ20 ዓመቷ ቢይዛት ካንሰሩ የሚታየው ምናልባት በ40፣ በ50 ነው። «እስከ 40 ሰላም ነን» ላለሽ ጎረምሳ መልሱ እህቱ ክንድ ላይ አለልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ከልቤ የማይወጣ። አንዲት የ22 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ልጇ ምጥ ይዟት መጣች። ትተነፍሳለች ግን አየር አይደርሳትም፣ ጋደም በይ ስንላት ትነሳለች፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። እናቷን ወደ ጥግ ወስጄ «ትንሽ ሳለች ቶንሲል ይደጋግማት ነበር? ጉልበቷን፣ ክርኗን ያብጣት ነበር?» አልኳት። «አዎን፣ ቁርጥማት ነበረባት። እንጥሏንም አስቆርጠናታል» አለችኝ። እንግዲህ ይህ ነው። ሰውነት የጉሮሮውን ባክቴሪያ ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን የልብ በር ይጎዳል፣ በተለይ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባሉት። እንጥል ቢቆረጥ ባክቴሪያው የት ሄዶ! ልጅቷ አድጋ፣ ተድራ፣ ውኃ ቀድታ ኖራለች፤ ጠባብ በር ነው ግን ይችለው ነበር። በእርግዝና ደም እስከ ግማሽ ያህል ሲጨምር በሩ አልበቃ አለ። ተርፋለች፣ ልጁም ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በአሥር ዓመቷ ጉሮሮዋን ሲያማት ጤና ጣቢያ ሄዳ በፔኒሲሊን ታክማ ቢሆን ያንን ሌሊት አናውቀውም ነበር። ልብ ከተነካ በኋላ እንኳ በየወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፣ እንዳይደገም።

ይህን ንገሪያቸው። በሚቀጥለው ዓመት ጉሮሮውን የሚያመው ወንድም ያላቸው አሉ።

ዓይን ክፍል

መምህርት፣ የጻፍሽውን ወደድኩት። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ፦ እኒያ አያት አሁንም እየተነቀለላቸው ነው? የልጁ ወረቀት ተነበበ፣ ቀስቱ ተደነቀ፤ ሴትዮዋን ማን ወሰዳቸው?

ዓይን ሕክምና ላይ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ላብራራው። ትራኮማ ነው፣ አያቶች ማዝ የሚሉት። አንዴ ይዞ የሚያሳውር በሽታ አይደለም። በልጅነት ይይዛል፣ ይሽላል፣ ደግሞ ይይዛል፣ በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብ። በየጊዜው የላይኛው የዓይን ቆብ የውስጥ ገጽ ይቆስልና ይጠግጋል። ጠባሳ እየተደራረበ ሲሄድ ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፈትገዋል። ሰውየው ዓይኑን በጨፈነ፣ በገለጠ ቁጥር። ብሌኑ ነጭ እየሆነ ይሄዳል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ወረንጦ ያስታግሳል፤ ሽፋሽፍቱ ግን ተመልሶ ይበቅላል፣ ከሥሩ ሳይነቀል ከተሰበረ ደግሞ ጉቶው ይብሳል።

ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የሚበዙበት ምክንያት ለክፍልሽ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ቶሎ አትንገሪያቸው፣ ያስቡበት። ልጅ ሆነው ራሳቸው ታመሙ፣ ከዚያ ታናናሾቻቸውን አዘሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ልጆች፣ ከዚያ የልጅ ልጆች። ከታመመ ሕፃን ተለይተው አያውቁም።

ቆቡን የሚመልሰው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፤ ማደንዘዣው ዓይኑ አካባቢ ብቻ ነው፣ የዚያኑ ዕለት ቤት ይገባሉ። ገጠር ውስጥ የሠለጠኑ ነርሶች ጤና ጣቢያ ላይ ይሠሩታል። እናንተ ከተማ ናችሁ፤ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። ጠባሳ ስላለ ብቻ አልፎባቸዋል አትበሉ፣ ብሌኑ ገና ካልጠፋ የቀረውን ማዳን ይቻላል።

አንድ ወላጅ

መምህርት፣ በቅድሚያ ድካምዎን አከብራለሁ። የ10ኛ ክፍል ልጅ አባት ነኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ ግን አልተስማማሁም።

በእኛ ባሕል ሰው ሕመሙን የሚነግረው ለንስሐ አባቱና ለሐኪሙ ነው። ደብተር ላይ ተጽፎ፣ 62 ልጅ መካከል ተሰብስቦ፣ መምህር ጠረጴዛ ላይ የሚያድር ነገር አይደለም። እርስዎ ራስዎ «ማንበብ ያልነበረብኝን አነበብኩ» ብለዋል። እርስዎ ጨዋ ስለሆኑ ዝም አሉ። ወረቀቱን የሰበሰበው የክፍል አለቃስ? ልጆቹስ መንገድ ላይ አላነበቡትም?

ሌላው፣ እኔ ከእናቴ ጋር 45 ዓመት ኖሬ ከእኔ በፊት ልጅ እንደሞተባት የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው፣ ከሰው አፍ። ያልነገረችኝ ልትነግረኝ ስላልፈለገች ነው። አሁን የ15 ዓመት ልጅ እስክሪብቶ ይዞ «ስንቱ ሞተ?» ይበላት? ነጥብ የሚሰጥበት ከሆነ ደግሞ ልጁ ሳይነገረው አይነሳም።

መጽሐፉን ያስተምሩ፣ ይበቃል ባይ ነኝ።

የካ አባዶ መምህርት

አቶ ወላጅ፣ እውነትዎን ነው፤ መልስ አጥቼ ሁለት ቀን ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። ወረቀቱን የሰበሰበው በእርግጥ የክፍል አለቃው ነበር። ያንን ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። ነጥቡም ከአሥር ነበር።

መጽሐፉ ይበቃል የሚለውን ግን አልቀበልም። መጽሐፉ ላይ እርጅና የተሳለው በከዘራ ነው፣ ልጆቼ ደግሞ ከዘራውን የሚያዩት የሌላ ሰው አድርገው ነው።

ዓይን ክፍል፣ ሴትዮዋን ማን ወሰዳቸው ላልከኝ፦ ማንም። አላሰብኩትም። እንደዚያ መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ነገ ልጁን አናግረዋለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እኔ ከወላጁ በተቃራኒ ነኝ፣ ምክንያቴን ልናገር።

እዚህ ሜሪላንድ ልጆች ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ የጤና ትምህርት ግዴታቸው ነው። የእኔዋ 10ኛ ክፍል ሆና የቤተሰብ የጤና ታሪክ ሙይ ተባለች። ቅጹን ይዛ ወጥ ቤት መጣች። «የእናቴ አባት በምን ሞተ?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። «የእናትሽ እናትስ?» እንጃ። «ማሚ፣ ምንም አታውቂም እንዴ?» ብላኝ ሄደች። እኔ ደግሞ ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ የሰው አባት መድኃኒት በሰዓቱ እንዲውጥ የማደርግ ሴት።

ደብረ ብርሃን ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። «አባታችን በምን ሞተ?» «ክፉ ነፋስ መታው እኮ፣ ረሳሽው?» አለኝ። እንዴት አድርጎ መታው ስለው፣ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አፉ ወደ አንድ ጎን እንደዞረ፣ ቀኝ እጁ ጋቢውን መሸከም እንዳቃተው፣ ምላሱ እንደተሳሰረ ነገረኝ። ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ። በየሳምንቱ እንደዚያ የሆነ ሰው አገላብጣለሁ። ስትሮክ ነው። አባቴ 58 ዓመቱ ነበር፣ ደም ግፊቱንም በሕይወቱ አንድ ሰው ለክቶት አያውቅም። በሳምንቱ የራሴን አስለካሁ፤ 152 በ96። ለ17 ዓመት አንድም ቀን አላስለካሁም ነበር፣ የሌላውን እየለካሁ።

ስለዚህ መምህርት፣ ልጆችሽ ነፋስ፣ ምች፣ ቡዳ፣ «ድንገተኛ» የሚል መልስ ይዘው ቢመጡ አትሳቂባቸው፣ ሌሎቹም እንዳይስቁ። «እንዴት ነበር ያደረጋቸው?» ብለው ይጠይቁ። የበሽታው ስም ቢጠፋም ምልክቱ አይጠፋም፣ ሰው ያየውን ያስታውሳል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ምንም ገመና የሌለበት። እኛ ጋ አዲስ አረጋዊ ሲገባ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ከወንበር ተነስቶ እንደሚቀመጥ እንቆጥራለን። እግሩ ጉልበት ያጣ ሰው ይወድቃል፣ ሲወድቅ ዳሌው ይሰበራል፣ ዳሌው የተሰበረ ብዙ ሰው እንደ ቀድሞው አይራመድም። ልጆቹ መጀመሪያ ራሳቸው ይሥሩት፣ ከዚያ እናታቸው፣ ከዚያ አያታቸው ግድግዳ አጠገብ ባለ ወንበር፣ አጠገባቸው ሰው ቆሞ። ሦስት ቁጥር ያመጣሉ። እመኚኝ፣ ከእናቶቹ ይልቅ የሚበልጡ አያቶች ታገኛለሽ። እኔ ራሴ አባይን ሲያቋርጡ የኖሩ ሽማግሌን የሚያህል እግር የለኝም።

ጡረተኛው

71 ዓመቴ ነው። ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ፈንጣጣ፣ ማዝ፣ ስትሮክ፣ ዳሌ ስብራት። ጎበዝ፣ እኛ ሆስፒታል ነን እንዴ?

ልጆቹ ስትልኪያቸው «ምን ያማቸዋል?» ብቻ አይበሉን። በ15 ዓመቴ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ሰዓት እሄድ ነበር፣ መልሱም ሁለት ሰዓት። ባዶ እግሬን ነበር፣ ያንንም ጻፉልኝ፤ ቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ሲሄድ ኖሮ እግሩ ዝሆኔ የሆነበት ጓደኛ ነበረኝ። ጫማ ቢኖረው አይዘውም ነበር፤ እሱ ግን እስኪሞት እርግማን ነው ብሎ ያምን ነበር፣ ሠርግ ቤትም አይገባም። ይህን ሲጠይቁኝ እናገራለሁ፣ አላፍርም። የሚያሳፍረኝ ልጆች እያሉ ማንም አለመጠየቁ ነው።

ደግሞም ከዘራ የለኝም። ጠዋት ጠዋት ጃንሜዳ እዞራለሁ።

የካ አባዶ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ለባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ የከዘራዋን ደግሜ።

የወሰንኩትን ልጻፍ፣ ምናልባት ሌላ መምህር ይጠቅመው ይሆናል።

ነጥቡ ቀርቷል። ወረቀቱም አይሰበሰብም፣ ደብተራቸው ውስጥ ይቀራል፤ እኔ የማየው ልጁ ራሱ «ቲቸር ይህን እዪልኝ» ያለውን ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ የምንሠራበት መስመር የማንም አያት አይሆንም። ሰሌዳው ላይ አንድ ሴት እንፈጥራለን፣ በ1940 የተወለደች፣ ስሟን ልጆቹ ያወጡላታል። ከቤት የሰሙትን የፈለጉትን ያህል ለእሷ ይሰጧታል። የማን ቤት ታሪክ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ትላንት በአንዱ ክፍል ሞከርኩት። አንዱ «በስድስት ዓመቷ ዓይኗን ታመመች» አለ፣ አንዷ «በ15 ዓመቷ ተዳረች» አለች፣ ሌላዋ ከኋላ ቀስ ብላ «አራት ልጅ ሞቶባታል» አለች። የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ። ጠመኔውን ሰጠኋት፣ ራሷ መጥታ በቦታው ጻፈችው። ማንም አልሳቀም። ከዚያ «አራቱ የሞቱት መቼ መቼ ይመስላችኋል?» ብዬ ነበር የቀጠልኩት፤ በሲስተር የክትባት ካርድ ላይ አንድ በአንድ ሄድን፤ ኩፍኝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ትክትክ። ያን ጊዜ ገጠር ውስጥ ያ ካርድ አልነበረም።

ባዶ ወረቀት ያመጣችውን ልጅ ከታች ፎቅ ካሉ አንዲት እናት ጋር አገናኘኋት። ልጆቻቸው ውጭ ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው። እሷ ለትምህርት ሄዳ አሁን ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ታወጣላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ ቡና ሳትጠጣ አይለቋትም። ይህን አቅጄው አይደለም።

አቶ ወላጅ፣ «ስንቱ ሞተ?» የሚለው ጥያቄ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ራሳቸው ካነሱት መስማት እንጂ መጻፍ የለም ብያቸዋለሁ። ይህ ለእርስዎ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም።

ወንበሩን የአካል ማጎልመሻ መምህሩ በደስታ ተቀብሎታል። እኔ 17 ሠራሁ። ከተማሪዎቹ አንዷ አያት 16። ሜሪላንድ፣ ምንም እንዳትዪኝ።

እና ወረንጦዋ። ልጁን አናገርኩት፣ እናቱንም አስጠራሁ። እናትየዋ ደነገጠች፤ ሽፋሽፍት ሲነቀል እያየች ስላደገች ሕመም ነው ብላ አስባው አታውቅም፣ እንደ ጸጉር መሥራት ነው የምታየው። ምኒልክ ወሰደቻቸው። ታዩ፣ ሁለቱም ዓይን ይሠራል ተባለ፣ የግራው ብሌን ላይ ትንሽ ነጭ አለ፣ የቀኙ ደህና ነው። ቀጠሮም ተሰጣቸው። አያትየዋ ግን ጾም ነው፣ ፋሲካ ይለፍ አሉ። ልጁ በየቀኑ ይጨቀጭቃቸዋል፣ እስከዚያም ይነቅልላቸዋል። ዓይን ክፍል፣ እስከዚያ ድረስ ጉቶ እንዳይቀር እንዴት አድርጎ ይንቀል? እኔንም ጠይቆኝ መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ 9ሠን እጀምራለሁ። ሲስተር፣ በክንድ ነው የምጀምረው። አባዶ ጠዋት ጠዋት በጣም ይበርዳል፣ ሹራብ አላወልቅም የሚል እንዳይኖር ብቻ ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አዘዋውሬዋለሁ።